ሙቾን የምትባለው የድራማ መንደር በእርግጥ አለች ወይ?

የጃንተከል ጥላ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬ እዚሁ ጎንደር ነው፤ የምተዳደረውም እንግዶችን ወደ ፋሲል ግቢ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ወደ ቁስቋም እየወሰድሁ በማስጎብኘት ነው። እንግዳ በሚጠፋበት በክረምት ግን ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተከታታይ ድራማ እናያለን። ዘንድሮ ጎረቤታችን በፍላሽ ገልብጦ የሰጠን «ስኖው ዋይት መሞት አለባት» የተሰኘውን፣ «ብላክ አውት» በሚል ስምም የሚታወቀውን የኮሪያ ድራማ ነው። ኤምቢሲ የተባለው የደቡብ ኮሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 በ14 ክፍል ያስተላለፈው ሲሆን፣ መነሻው አንድ የጀርመን ልብ ወለድ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ላላያችሁት ሰዎች መጨረሻውን ሳልነካ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሕክምና ሊማር የተዘጋጀ፣ መንደሩ ሁሉ የሚኮራበት አንድ ተማሪ፣ አብረውት የሚማሩ ሁለት ልጃገረዶችን ገድለሃል ተብሎ ይከሰሳል። አስከሬናቸው አልተገኘም፤ እሱም በዚያች ሌሊት በመጠጥ ብዛት ራሱን ስቶ ስለነበር «አልገደልሁም» ለማለት እንኳ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። 10 ዓመት ታስሮ ሲፈታ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ሙቾን ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የወንጀል ምርመራ ይምሰል እንጂ አንድ መንደር በአንድ ሰውና በእናቱ ላይ እንዴት እንደሚያብር የሚያሳይ ነው። ባለቤቴ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ «እዚህ ሰፈር ቡና የሚጠራራ ሰው የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ጎረቤት ሁሉ በር እየዘጋ እሳት ለመጫር እንኳ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው ሲጠፋ ማየት እጅግ ከብዶኝ ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ሴኡል አጠገብ በሚገኝ ፋብሪካ ይሠራል። በሚቀጥለው ረፍቱ ሙቾን ድረስ ሄዶ ፎቶግራፍ እንዲልክልን ለመንነው፤ እሱም በስልኩ ካርታ ላይ ሲፈልግ ውሎ «እንዲህ የምትባል መንደር አላገኘሁም፤ ምናልባት ስሟን አሳስታችሁት ይሆናል» ብሎ ጻፈልን። አላሳሳትነውም። በድራማው ውስጥ የመንደሯ ስም በየክፍሉ ይጠራል። እንግዲያው ይህቺ መንደር የለችም ማለት ነው? ከሌለችስ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቤትና ተራራ ከየት መጣ? ያለ አገር ለቀረጻ ሲጠቀሙ ስሙን መለወጥ ለምን አስፈለጋቸው? በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው የጀርመን መንደርስ እውነተኛ ናት ወይስ እሷም የፈጠራ ናት? በእኔ ሥራ ታሪኩን ከድንጋዩ ጋር ካላገናኙት እንግዳው ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል እንጂ ምንም አይዝም፤ ለዚህም ይመስለኛል ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ።

ወለተ መጻሕፍት

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እኔ ድራማውን ያየሁት መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ካነበብሁ በኋላ ነው። ልብ ወለዱን የጻፈችው ኔለ ኖይሃውስ የተባለች ጀርመናዊት ስትሆን፣ መጽሐፉ በአገሯ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኦሊቨር ፎን ቦደንሽታይንና ፒያ ኪርሽሆፍ የሚባሉ ሁለት መርማሪዎችን እየተከተለ ከሚሄደው ተከታታይ ሥራዋ አራተኛው ነው። ታሪኩ የሚፈጸምባት መንደር አልተንሃይን ትባላለች፤ እሷ እውነተኛ ናት። ከፍራንክፈርት ከተማ ወጣ ብሎ በታውኑስ ኮረብታዎች ሥር በሚገኘው በባድ ዞደን አስተዳደር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ የአክስትዎ ልጅ ጀርመን ቢኖር ኖሮ በካርታ ላይ ወዲያው ያገኛት ነበር።

ጸሐፊዋ እውነተኛ ስም መጠቀሟ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጀርመን አገር አንድን አውራጃ በስሙ፣ በመንገዱና በመጠጥ ቤቱ እየጠራ የሚጻፍ የወንጀል ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል፤ አንባቢው የሚገዛውም በከፊል የገዛ ሰፈሩን በመጽሐፍ ውስጥ ለማየት ሲል ነው። መንደርተኛውም ጨዋታውን ያውቀዋል። በዚያ ላይ በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ቤት መልክ የሚኖረው በአንባቢው ሐሳብ ብቻ ነው። በመጽሐፉ የተከሳሹ አባት «ወርቃማው አውራ ዶሮ» የሚባል የመንደሩ ምግብ ቤት ነበረው፤ ልጁ ከተፈረደበት በኋላ ደንበኛ ሁሉ ስለሸሸ ቤቱ ተዘግቶ፣ ግቢው በቆሻሻ ተሞልቶ ልጁን ይጠብቀዋል። ያንን ግቢ እኔ በልቤ የሣልሁት ከቀሃ ወዲያ ባለ አንድ የፈረሰ ጠጅ ቤት መልክ ነው፤ ሌላው ሰው በሌላ መልክ ይስለዋል፤ ከአልተንሃይን ሰዎች መካከልም «ያሳየችው የእኔን በር ነው» ሊል የሚችል አይኖርም። ካሜራ ግን የግድ የአንድን ሰው በር ማሳየት አለበት።

ታሪኩ ከጀርመን ወደ ኮሪያ ሲሻገር የተለወጠውንና የቀረውን ማስተያየትም ደስ ይላል። የመርማሪዎቹ የግል ሕይወት በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ገጽ ይወስዳል፤ ኮሪያውያኑ ያንን አራግፈው መርማሪውን ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የመጣ አንድ ቁስለኛ ሰው አደረጉት። በአንጻሩ መንታ ወንድማማቾቹን፣ ከመንታዎቹም አንዱ ከሰው ጋር መግባባት የሚቸግረውና በሥዕል የሚናገር መሆኑን አስቀርተውታል። በመጽሐፉ ውስጥ መንደሩን በእጁ የያዘው ባለ ፋብሪካ ሲሆን፣ በድራማው ሥልጣኑ በፖሊስ አዛዡ፣ በሐኪሙና በምክር ቤት አባሏ መካከል ተከፋፍሏል። ይህ ለውጥ በትክክል የተሰላ ይመስለኛል፤ በትንሽ የኮሪያ ከተማ ማን ማንን እንደሚፈራ ለማሳየት አንድ ሀብታም ብቻውን አይበቃም ነበር።

አዘጋጇን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ብዮን ዮንግ ጁ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን ጦር ያሰቃያቸውን አረጋውያን ሴቶች የሚመለከት ዘጋቢ ፊልም ሠርታ የታወቀች ናት። በ2012 ደግሞ የጃፓናዊቷን የሚያቤ ሚዩኪን ልብ ወለድ ወደ ኮሪያ አምጥታ ፊልም አድርጋዋለች። ስለዚህ የባዕድ አገር ወንጀል በገዛ አገሯ አፈር ላይ መትከልን ከዚያ በፊትም ሞክራዋለች፤ በቴሌቪዥን ድራማ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዴጉ ያለው የአዘዞ ልጅ

እኔ ለትምህርት መጥቼ ዴጉ ከተማ ስኖር አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ስለዚህ ሙቾንን በሚመለከት ልመልስ። ሙቾን የለችም፤ ለድራማው የተፈጠረች ናት። ስሟ እውነተኛ መስሎ የሚሰማው በጥንቃቄ ስለተመረጠ ነው። በብዙ የኮሪያ ከተሞች ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ቾን» ወንዝ ወይም ጅረት ማለት ነው። ቹንቾን፣ ሆንግቾን፣ ሳቾን እያሉ መቁጠር ይቻላል፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ ያለባት ከተማ ቹንቾን ስለሆነች ስሙ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። አንድ የአማርኛ ደራሲ በምዕራብ ጎንደር «ነጭ ውሃ» የምትባል ከተማ ቢፈጥር፣ ገንዳ ውሃን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ‹የት ናት?› ሳይል እንደሚያልፋት ማለት ነው።

እዚህ አገር ታሪካቸው በትንሽ ከተማ የሚፈጸም ድራማዎች እንዲህ ያለ የፈጠራ ስም መጠቀማቸው የተለመደ ነው። በየድራማው መክፈቻ ላይ «በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ ቦታዎች፣ ድርጅቶችና ክስተቶች ሁሉ ፈጠራ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ በአማርኛ የሚተርኩልን ሰዎች ግን እሱን አያነቡትም።

ስሙ ፈጠራ ይሁን እንጂ መሬቱ እውነተኛ ስለሆነ ተመልካች ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ ራሴ ባለፈው ጥር ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተላለፈ፣ «ካሜሊያ ሲያብብ» ልንለው የምንችል ድራማ ነበር፤ ፍቅርና ቀልድ የሞላው ይሁን እንጂ ከሥሩ ሴቶችን እያደነ የሚገድል ሰው የሚዞርበት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ኦንግሳን በምትባል የፈጠራ ከተማ ሲሆን፣ አብዛኛው የተቀረጸው በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ በፖሃንግ ከተማ ሥር ባለችው በጉርዮንግፖ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ኦንግሳን በምዕራቡ በቹንግቾንግ አውራጃ እንዳለች ተቆጥሮ ተዋንያኑ በዚያ አገር የተጎተተ አነጋገር መናገራቸው ነው። የጉርዮንግፖ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ፈጣንና ቆፍጣና ነው። አንድ ሰው በጎንደር ድንጋይ ግንብ ሥር ቆሞ በጠራ የሸዋ አማርኛ «እኔ የዚህ ሰፈር ተወላጅ ነኝ» ሲል ማሰብ ነው።

ጉርዮንግፖ ስደርስ ነፋሱ ፊት ይልጥ ነበር። በየደጁ በእንጨት ላይ የተደረደረ ዓሣ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ በብርዱ ይደርቃል፤ «ግዋሜጊ» ይሉታል፤ እኔ ሽታውን ብቻ ቀምሼ አልፌያለሁ። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ጃፓናውያን ዓሣ ነጋዴዎች የሠሩት የእንጨት ቤት መንገድ አለ፤ ከመንገዱ መሐል ወደ ኮረብታው መናፈሻ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ይነሣል። የድራማው ዋና ፖስተር የተነሣው እዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ እኔ በሄድሁበት ቀን እንኳ ሦስት ጥንዶች እንደ ተዋንያኑ ለመቀመጥ ተራ ይጠብቁ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ደረጃው አልነበረም፤ ከግራና ከቀኝ የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች ነበሩ። መጀመሪያ ሲተከሉ ገንዘብ ያዋጡት የጃፓናውያን ነዋሪዎች ስም ተቀርጾባቸው ነበር። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የጉርዮንግፖ ሰዎች የተጻፈበትን ፊት በሲሚንቶ ደፍነው፣ ምሰሶዎቹን አዙረው፣ በሌላው ፊት የራሳቸውን ሰዎች ስም ቀረጹባቸው። በእጄ ዳሰስሁት፤ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይልቅ ሸካራ ነው። እንግዲህ ስሙ አንድ ጊዜ የተለወጠ ቦታ በድራማ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ኦንግሳን ተብሎ ይጠራል ማለት ነው። ፎቶ የሚነሡት ወጣቶች ምሰሶዎቹን ተደግፈው ነበር፤ ቀና ብሎ የሚያነብ ግን አላየሁም።

የጃንተከል ጥላ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ሳነብላት የምሰሶውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ነገር ግን አንድ ያልገባኝ አለ። በጉርዮንግፖ ያሉት ሰዎች ድራማው እንግዳ ስላመጣላቸው ደስተኞች ከሆኑ፣ ስሙን እንዳለ ቢጠቀሙ ይበልጥ አይጠቅማቸውም ነበር? እኛ እዚህ አንድ የውጭ የፊልም ቡድን መጥቶ «ጎንደር» ብሎ ቢጠራን ለወራት የምናወራው ነው።

ካሜራ ተሸካሚው

ወንድሜ የጃንተከል ጥላ፣ ለዚህ ጥያቄ ከኮሪያ ይልቅ ከራሳችን ሰፈር ልመልስልህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደር ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊልም ስንቀርጽ የቦታ አፈላላጊው እኔ ነበርሁ። ታሪኩ የቤተሰብ ደም መቃባት ያለበት ነው፤ ዋናው ሰው ወንድሙን ገድሎ የሚደበቅበት አሮጌ ቤት አስፈለገን። ከአራዳ ዝቅ ብሎ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ የታችኛው ግድግዳው ድንጋይ፣ ላይኛው ጭቃ የሆነ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት አገኘሁ። ባለቤቷ አንዲት እናት ነበሩ፤ በዋጋው ተስማማን፤ ቡናም አፍልተው ጠጣን። አዘጋጃችን ቅን ሰው ስለሆነ ከቀረጻው ዋዜማ ታሪኩን እንድነግራቸው አዘዘኝ። እሳቸውም ጀበናውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ገዳዩ የሚኖረው በእኔ ቤት ነው?» አሉ። «ፊልም እኮ ነው፣ እማማ» አልኋቸው። «ለእናንተ ፊልም ነው። እኔ ይህን ቤት ለልጅ ልጆቼ ነው የማወርሰው፤ ነገ ሰፈሩ ‹የገዳዩ ቤት› ብሎ ቢጠራውስ፣ አንተ መጥተህ ታስተወዋለህ?» አሉኝ። ዋጋውን እጥፍ አደረግንላቸው፤ አልተቀበሉም። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ትክክል እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ያደረግነው ኮሪያውያኑ በብዙ ገንዘብ የሚያደርጉትን ነው፤ ቤቱን ከየቦታው ገጣጠምነው። የደጁን በር አዘዞ ካለ ሰው ከማይኖርበት ቤት፣ ግቢውን ከሌላ ሰፈር፣ ውስጡን ደግሞ ከተከራየነው አዳራሽ ወሰድን። የአዘዞው በር በተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ተጠግኖ፣ በቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይታይ ነበር። ሰውየው ከውጭ ሲገባና ከውስጥ ሲታይ በሩ አንድ መምሰል ስላለበት፣ ተመሳሳይ ቆርቆሮ ስፈልግ ቅዳሜ ገበያን ሁለት ቀን ዞርሁ። አግኝቼም በአዳራሹ በር ላይ በአራት ሚስማር መታሁት። ፊልሙ ሲታይ የአዘዞው በር ሚስማሮች አምስት መሆናቸውን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እስከ ዛሬም ያ ትዕይንት ሲደርስ ዐይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ።

በዓለም የታወቀው «ፓራሳይት» የተሰኘው የኮሪያ ፊልምም እንዲሁ ነው የተሠራው። የሀብታሞቹ ቤት ጆንጁ በሚባል ከተማ ለፊልሙ ሲባል የተገነባ ነው፤ ጎርፍ የሚገባበት የድሆች መንደር ጎያንግ ውስጥ በውኃ ገንዳ ላይ የተሠራ ነው፤ ቤተሰቡ በዝናብ እየሮጠ የሚወርድበት ደረጃ ግን ሴኡል ውስጥ በጃሃሙን ዋሻ አጠገብ ያለ እውነተኛ መንገድ ነው። ተመልካቹ ሁሉንም የአንድ ከተማ ጎረቤታሞች አድርጎ ይቀበላቸዋል። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ሙቾንን አንድ ቦታ ላይ አያገኛትም፤ ፍለጋው ቢሳካለት እንኳ አንዱን መንገድ አንድ አገር፣ ሌላውን ቤት ሌላ አገር ያገኛል። እንዲህ ላለው ሥራ የኮሪያ ከተሞች የፊልም ቡድኖችን የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል፤ የመጀመሪያው የቡሳን ከተማ የፊልም ኮሚሽን ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መንገድ ማስዘጋትም ሆነ ባለቤት ማነጋገር የእነሱ ድርሻ ነው። እኛ ዘንድ ይህንን ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣውም እሱ ነው።

ስሙን ቢጠቀሙ ይጠቅማቸው ነበር ላልኸው፣ ታሪኩ የደስታ ሲሆን አዎን። ታሪኩ የጨለመ ሲሆን ግን ስም መዘዝ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና «ጎክሶንግ» የሚባለው አስፈሪ ፊልም ስሙ ከአንድ እውነተኛ ወረዳ ስም ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ የተቀረጸውም በአብዛኛው እዚያው ነው። ወረዳው ስለ ስሙ ስለሠጋ፣ በፊልሙ ርዕስ ላይ «የለቅሶ ድምፅ» የሚል ትርጉም ያለው የቻይና ፊደል እንዲጻፍ ተደረገ፤ የወረዳው ስም በሌላ ፊደል ስለሚጻፍ ልዩነቱ እንዲታይ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ግን ብልህ ነበሩ፤ በጋዜጣ ጽፈው ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ መጥቶ የወንዛቸውንና የጽጌረዳቸውን ውበት እንዲያይ ጋበዙ። ጎንጂአም የምትባለው ከተማ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰባት። ስሟ እንዳለ ተወስዶ በ2018 የተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል አስፈሪ ፊልም ተሠራባት፤ ቀረጻው የተካሄደው ግን ቡሳን ውስጥ በአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ነበር። የእውነተኛው ሕንፃ ባለቤት ፊልሙ እንዳይታይ ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። ስሙ የአንዱ፣ ግድግዳው የሌላው፤ እንግዳውም የገንዘቡም ነገር ወዴት እንደሄደ አንተ ገምት።

ቁስቋም ሥር

የካሜራ ተሸካሚውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ፤ ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ስም መለወጥን እንደ ጨዋነት ብቻ ማየት አይገባም፤ መሸሻም ሊሆን ይችላል። ልቦለዱን ትተን እውነተኛውን ጉዳይ እንይ። ከሴኡል ደቡብ በምትገኘው በህዋሶንግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 ሴቶች በተከታታይ ተገደሉ። ገዳዩ ሳይታወቅ ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አለፈ፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ጉዳዩ የሚጠራው በከተማዋ ስም ነበር። በ2019 በዘረመል ምርመራ ሰውየው ሲታወቅ፣ ፖሊስ በነዋሪዎቹ አቤቱታ የጉዳዩን ስም ከከተማዋ ወደ ወንጀለኛው ለወጠው። ከግድያዎቹ በአንዱ ተፈርዶበት 20 ዓመት ገደማ የታሰረ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱም በ2020 በድጋሚ በተካሄደ ችሎት ነፃ ነህ ተባለ። ስለዚህ ያያችሁት ድራማ መነሻው ጀርመን ቢሆንም፣ ኮሪያዊው ተመልካች ያለ ጥፋቱ የታሰረውን ወጣት ሲያይ ወደ አእምሮው የሚመጣው የገዛ አገሩ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ጎንግ ጂ ዮንግ የተባለችው ደራሲ በ2009 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች በትምህርት ቤታቸው ውስጥ የደረሰባቸውን ጥቃት ይተርካል። እውነተኛው ጉዳይ የተፈጸመው በግዋንግጁ ከተማ ሲሆን፣ እሷ ግን ሙጂን የምትባል የጭጋግ ከተማ አደረገችው። በ2011 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ስሙ ማንንም አላታለለም። ሕዝቡ ግዋንግጁን አውቆ ተቆጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሻለ። እንግዲህ ወንጀሉ እውነተኛ ሲሆን የፈጠራ ስም ምንም አይሸፍንም፤ አይሸፍንምም ደግሞ ደግ ነው።

ወለተ መጻሕፍት

ቁስቋም ሥር ያሉት ወንድማችን የተቃወሙ መስሏቸው የእማማን ነገር አጸኑት እንጂ አላፈረሱትም። ግዋንግጁ የተወቀሰችው በተፈጸመው ነገር ነው። የሙቾን ወንጀል ግን መነሻው በአንዲት ጀርመናዊት ልብ ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ለቀረጻ መንገዷን የሰጠች የኮሪያ መንደር ልጃገረድ አልገደለችም፣ አስከሬን አልደበቀችም፣ የማንንም እናት አላሳደደችም። ያልሠራችውን ለልጅ ልጆቿ እንዳታወርስ ስሟን ማስቀረት የሚገባው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። ህዋሶንግም ቢሆን ስሟን ለማስመለስ የለፋችው፣ የአንድ ሰው ኃጢአት በነዋሪው ሁሉ ላይ ተጽፎ ስለኖረ አይደለምን?

ቁስቋም ሥር

እቀበላለሁ፣ እህቴ። አንድ ነገር ብቻ ላስጠብቅ፤ በድራማው ውስጥ መንደሩ ራሱ ተጠያቂ ነው። ዝም ያለው ሁሉ ተካፋይ ሆኖ ነው የቀረበው። ተመልካቹ «ይህ ሙቾን እንጂ የእኛ ሰፈር አይደለም» ብሎ በሰላም እንዲተኛ ስሙ ሰበብ እንዳይሆነው ነው የእኔ ሥጋት።

የጃንተከል ጥላ

በዚህ ነጥብ ላይ ቤታችን ውስጥም ክርክር ተነሥቷል፤ ባለቤቴ ከቁስቋም ሥር ጋር ናት። ሙቾን የሚለው ስም እሷን እንቅልፍ አላስወሰዳትም፤ ድራማውን ከጨረስን በኋላ በሰፈራችን ልጃቸው ከታሰረባቸው በኋላ ሰው የሸሻቸውን አንዲት ሴት ስም ጠርታ «ከሄድን ስንት ጊዜ ሆነን?» አለችኝ። ቆጠርን፤ ከፋሲካ ወዲህ አልሄድንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልንሄድ ተቀጣጥረናል፤ ስኳርና ቡና ገዝታ አስቀምጣለች።

የአክስቴን ልጅ በሚመለከት ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ሙቾንን መፈለጉን እንዲተው ጽፌለታለሁ። ከሴኡል ወደ ፖሃንግ ፈጣን ባቡር እንዳለ ነግሮኛልና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጉርዮንግፖ ይደርሳል። ዴጉ ያለኸው የአዘዞ ልጅ፣ ፈቃድህ ከሆነ እሱን ልኬ ላገናኛችሁ፤ ለብቻው ከሚሄድ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ቢኖረው ይሻላል። በደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚነሣውን ፎቶ ከፈለገ ይነሣ። እኔ የጠየቅሁት ግን ከምሰሶዎቹ አንዱን ዞሮ፣ ሲሚንቶ የተለሰነበትን ፊት በቅርብ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነው።